ቆቡን ያጠለቀ ሁሉ እስኩቴስ አይደለም፦ የምላሽ ጽሑፍ

የጥንት ግሪኮች ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ይኖሩ የነበሩትን ዘላን እስኩቴሶች በሥዕልና በቅርጻ ቅርጽ እንዴት እንዳሳዩአቸው የሚተነትን አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ደርሶኝ አነበብኩት። በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ስለማይጻፍ ገና ርዕሱን ሳየው ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ግን እስከ ሦስተኛው አንቀጽ ድረስ ብቻ ነው።

ጽሑፉ ሲጨመቅ የሚለው ይህን ነው። ግሪኮች ዘላኑን ሕዝብ ይንቁና ይጠሉ ስለነበር በአቴና የሸክላ ዕቃዎች ላይ ቀስተኛ ጠላት አድርገው ሳሉት። በአንጻሩ ከመቃብር ጉብታዎች የወጣው ወርቅ የእስኩቴሶችን ኑሮ «እንደ ፎቶግራፍ» ያሳያል። ወርቁን የሠሩት ግሪኮች ስለሆኑ እስኩቴሶቹ ከመግዛት ያለፈ ድርሻ የላቸውም፤ ከግሪኮች ጋር እስኪገናኙም የራሳቸው ጥበብ አልነበራቸውም። አማዞን የሚባሉት ተዋጊ ሴቶች ደግሞ ከግሪክ ወንዶች ምናብ የወጡ ተረት ናቸው።

በእኔ እይታ እነዚህ ሁሉ ስሕተቶች የሚፈልቁት ከአንድ ምንጭ ነው። ጸሐፊው በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ምን እንደተሳለ ይነግሩናል፤ ዕቃው ለማን እንደተሠራ፣ ማን እንደከፈለበትና ከየት እንደተገኘ ግን አንድም ቦታ አይጠይቁም። ለአቴና የመጠጥ ግብዣ የተሠራ ዋንጫና ለእስኩቴስ ንጉሥ መቃብር የገባ ዋንጫ ሁለቱም «የግሪክ ጥበብ» ይባሉ ይሆናል። የተናገሩት ግን ለየራሳቸው አድማጭ ነው።

ጽሑፉ ሳያስተዋውቃቸው ስላለፈ ስለ ሕዝቡ ጥቂት ልበል። እስኩቴሶች ስማቸው ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ቆላስይስ ምዕራፍ 3 ላይ «አረማዊም እስኩቴስም» ተብለው ተጠቅሰዋል። ከ7ኛው እስከ 3ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት በዛሬዋ ዩክሬንና በደቡብ ሩሲያ ሰፊ የሣር ምድር ላይ ፈረስና ከብት እየነዱ የኖሩ፣ ከኢራን ቋንቋዎች ወገን የሆነ ልሳን የሚናገሩ ሕዝቦች ናቸው። በዚሁ ዘመን ከሚሊጢንና ከሌሎች የግሪክ ከተሞች የመጡ ሰፋሪዎች በባሕሩ ዳርቻ ኦልቢያንና ፓንቲካፓይዮንን (የዛሬዋን ኬርች) ቆረቆሩ። እህል፣ ቆዳና ባሪያ ወደ ደቡብ ሲሄድ የወይን ጠጅና ጌጣጌጥ ወደ ሰሜን ይመጣ ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ጥንታዊ ዓመታት በሙሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ ናቸው፤ የቁፋሮዎቹ ዓመታት ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሁን ወደ ነጥቦቹ። በመጀመሪያ «ቀስተኛው ጠላት» የሚለውን እንመልከት።

በአቴና ሸክላ ሠዓሊዎች ሥራ፣ በተለይ ከ530 እስከ 490 ባለው ጊዜ፣ ሹል ቆብ ያጠለቀ፣ ከሰውነቱ ጋር የተጣበቀና በሐረግ ያጌጠ እጀ ጠባብና ሱሪ የለበሰ፣ በወገቡ የፍላጻ አፎት ያንጠለጠለ ቀስተኛ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዕቃዎች ላይ ይታያል። ጽሑፉ እዚህ ድረስ ትክክል ነው። ነገር ግን ይህ ሰው የቆመው የት ነው? ዘማቹ ከቤተሰቡ ሲሰናበት ሽማግሌው አባት በአንድ በኩል፣ ቀስተኛው በሌላ በኩል፣ ውሻውም ከእግራቸው ሥር ሆነው ይታያሉ። ከዘመቻ በፊት የመሥዋዕቱ ጉበት ሲመረመር ቀስተኛው ከአጠገብ ቆሞ ይመለከታል። የወደቀ ጀግና ሬሳ በትከሻ ከጦር ሜዳ ሲወጣም አብሮ ይሄዳል። ጠላት በቤት ስንብት ላይ ምን ይሠራል? አብዛኞቹ ሥዕሎች ላይ ይህ ቀስተኛ የግሪኩ ወታደር ጓድ ነው፤ ከጋሻ ጃግሬ ከፍ፣ ከጀግናው ዝቅ ያለ ጓድ።

ከሁሉ በላይ የጽሑፉን መደምደሚያ የሚያፈርሰው ፍራንሷ የተባለው ትልቅ ማሰሮ ነው። ኤርጎቲሞስ ሠርቶት ክላይቲያስ በ570 አካባቢ የሳለው ይህ ዕቃ ዛሬ በፍሎረንስ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ይገኛል። በላይኛው ክፍሉ በግሪክ ተረት የሚታወቀው የካሊዶን ከርከሮ አደን ተስሏል፤ ጀግኖቹ ከሁለት ወገን ጦራቸውን ቀስረው አውሬውን ይከብቡታል፤ በመካከላቸውም ሹል ቆብ ያደረጉ ቀስተኞች አሉ። ክላይቲያስ ስም መጻፍ የሚወድ ሠዓሊ ስለነበር የሁሉንም ስም ከጎናቸው አስፍሯል። አንደኛው ቀስተኛ ኪመሪዮስ ይባላል፤ ከእስኩቴሶች በፊት በዚያ ምድር ነበሩ የሚባሉትን ኪመራውያንን የሚያስታውስ ስም ነው። ሌላኛው ግን ዩቲማኮስ ነው፤ ጥርት ያለ የግሪክ ስም። ቆቡም ቀስቱም ያው ሆኖ ሳለ ሰውየው ግሪክ ነው ማለት ነው። ሩሲያዊው የታሪክ ተመራማሪ አስኮልድ ኢቫንቺክ ይህንና ሌሎችንም ሥዕሎች መርምሮ ልብሱ የሚያመለክተው የሰውየውን ዘር ሳይሆን በሥዕሉ ውስጥ ያለውን ቦታ ነው ሲል ተከራክሯል፤ ከዋናው ጀግና ጎን የሚቆም፣ በሩቅ የሚዋጋ ሁለተኛ ሰው መሆኑን። በዝርዝሩ የማይስማሙ ምሁራን አሉ። ሆኖም ከዚህ ሥራ ወዲህ «ሹል ቆብ አለ፤ ስለዚህ እስኩቴስ ነው፤ ስለዚህ ጠላት ነው» ብሎ መጻፍ አይቻልም።

ጸሐፊው ማስረጃ ይሆነኛል ብለው የአቴናን እስኩቴስ ፖሊሶች ጠርተዋል። አቴናውያን እስኩቴሶችን በየቀኑ በባርነት ሲያዩአቸው በሸክላ ላይ ሳሏቸው ይላሉ። እዚህ ላይ የዘመን ስሌቱ ፈጽሞ አይገጥምም። ከተማዋ 300 እስኩቴስ ቀስተኞችን በመንግሥት ገንዘብ ገዝታ ሥርዓት እንዲያስከብሩ ያደረገችው፣ ተናጋሪው አንዶኪደስ እንደሚነግረን፣ ከፋርስ ጦርነት በኋላ ነው። ሥዕሎቹ ግን የሚበዙት ከዚያ በፊት ነው፤ ወደ 490 ሲቃረብ እየሳሱ ይሄዳሉ። ፖሊሶቹ በአደባባይ በብዛት በሚታዩበት ዘመን ሠዓሊዎቹ ስለ ሹል ቆቡ ቀስተኛ መሳል አቁመዋል ማለት ይቻላል። ካልመጣ ሰው ላይ ሥዕል አይቀዳም።

ስለ ልብስና ማዕረግ ካነሳን አይቀር እኛን በቀጥታ የሚመለከት ምሳሌ አለ። ከትሮይ ጦርነት ጀግኖች አንዱ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ የተባለው ሜምኖን ነው። የግሪኮቹ ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ሁሉ የሚያጠቃልል እንጂ የዛሬው ድንበራችን እንዳልሆነ ይታወቃል፤ ቢሆንም ነገሩ ትምህርት ይሰጣል። በብሪቲሽ ሙዚየም ባለው፣ የአቴናዊው ሸክላ ሠዓሊ የኤክሴኪያስ ሥራ ነው በሚባለው አምፎራ (ባለ ሁለት እጀታ ማሰሮ) ላይ ሜምኖን ሙሉ የግሪክ ትጥቅ ታጥቆ ማንኛውንም የግሪክ ጀግና መስሎ ቆሟል። ግራና ቀኝ ያሉት አጃቢዎቹ ግን ፀጉራቸውም ፊታቸውም ጥቁር አፍሪካዊ ሆኖ ተስሏል። ንጉሡም አጃቢዎቹም ከአንድ አገር ናቸው። የአገራቸው ምልክት የተቀባው አጃቢዎቹ ላይ ብቻ ነው፤ ጀግናው በጀግና መልክ ተሳለ። የሹል ቆቡ ጉዳይም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከኤጊና ደሴት የአፋያ ቤተ መቅደስ የተገኘውና ዛሬ በሙኒክ ያለው ተንበርካኪ ቀስተኛስ? ይህ የ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሐውልት ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የተጣበቀ ልብስ ለብሷል። ጀርመናዊው አርኪዮሎጂስት ቪንዘንዝ ብሪንክማንና ባልደረቦቹ በእብነ በረዱ ላይ የቀሩትን የቀለም ርዝራዦች ተከትለው ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር ሲያሳዩ፣ ነጭ ሆኖ የለመድነው ሐውልት ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ፣ በቀይና በአረንጓዴ ጥለት የተጥለቀለቀ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሰው እስኩቴስ ነው? አብዛኛው ተመራማሪ የሚለው ፓሪስ ነው፤ የትሮይ ልዑል፣ በፍላጻው አኪሌስን የገደለው። የእስኩቴሱ ልብስ በዚያን ጊዜ ለትሮያዊም፣ ለፋርሳዊም፣ ለቀስተኛ ሁሉ ይውል ነበር።

ንቀት አልነበረም እያልኩ አይደለም። ነበር፤ ጸሐፊው የፈለጉት ግን በሌለበት ቦታ ነው። በ411 በአቴና መድረክ ላይ በቀረበው የአሪስቶፋነስ ቀልደኛ ተውኔት አንድ እስኩቴስ ቀስተኛ እስረኛ ይጠብቃል፤ ግሪክኛው ተሰባብሮ ተመልካቹን ያስቃል፤ በመጨረሻም በአንዲት ዳንሰኛ ልጅ ተታልሎ እስረኛውን ያስመልጣል። በባርነት የገዙትን ሰው፣ በዚያ ላይ ዜጋውን በዱላ የመግፋት ሥልጣን የተሰጠውን ሰው፣ በመድረክ ላይ ማዋረድ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ እዚያ ይሂድ። በስንብት ሥዕሎቹ ላይ ያለው ቀስተኛ ግን ከዚህ የተለየ ሰው ነው።

ጽሑፉ በትልቁ ያተመው የኤፒክቴቶስ ሳህን ራሱ ከጸሐፊው ጋር ይከራከራል። ከ520 እስከ 500 ባለው ጊዜ የተሠራ፣ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ ትንሽ ሳህን ነው። ቀስተኛው ሰውነቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሯል፤ እጁን ወደ አፎቱ ልኳል፤ ጉልበቶቹ ተጣጥፈው ክቡን ልክክ አድርገው ሞልተውታል። ሠዓሊው ስሙን ጽፎበታል። ይህን ሥዕል አይቶ «ንቀት» የሚል ቃል ወደ አፍ የሚመጣው እንዴት ነው? ኤፒክቴቶስ እዚህ ላይ የተጨነቀው አንድን የሚንቀሳቀስ አካል በክብ ውስጥ እንዴት ላስገባው በሚለው ነው፤ ተሳክቶለታል። ሳህኑ የተገኘው ደግሞ በጣሊያን፣ በቩልቺ፣ በኤትሩስካውያን መቃብር ነው። እንግዲህ የመጨረሻው ባለቤት አቴናዊም እስኩቴስም አልነበረም። በአቴና ተሠርቶ ኤትሩስካውያን አገር የተቀበረ ሳህን «አቴናውያን ጎረቤቶቻቸውን እንዴት ይጠሉ እንደነበር» ይመሰክራል ለማለት ብዙ ድልድይ መሥራት ያስፈልጋል። መቼም በዚያው ዘመን በአቴና ዋንጫ ይስል የነበረ አንድ ሠዓሊ ሥራዎቹ ላይ «ስኩቴስ» ብሎ ይፈርም ነበር። ትውልዱ ይሁን ቅጽል ስሙ የሚያውቅ የለም፤ ግን ስሙን ሳይደብቅ ሸጧል።

ወደ ወርቁ እንለፍ። ጽሑፉ ከሁሉ በላይ የተሳሳተው እዚህ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ሊወድቅ የቻለው ዕቃዎቹን በጣም ስለወደዳቸው መሆኑ ነው።

በ1830 ኬርች አጠገብ ኩል-ኦባ በሚባል ጉብታ ላይ ወታደሮች ለግንባታ ድንጋይ ሲለቅሙ መቃብር ተገኘ። በውስጡ ከነበሩት ዕቃዎች አንዱ ወርቅና ብር ከተቀላቀለበት ማዕድን የተሠራ፣ ቁመቱ 13 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ሆዱ ክብ ዋንጫ ነው። ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ ኤርሚታዥ ሙዚየም ይገኛል። ሰባት ሰዎች አሉበት። አንዱ ብቻውን ተቀምጦ ደጋኑን ከጭኑ ሥር አሳልፎ እያጎበጠ አውታሩን ይለጉማል። ሁለቱ ፊት ለፊት ተንበርክከዋል፤ አንደኛው ጣቶቹን በሌላኛው አፍ ውስጥ ከቶ ጥርሱን ይነካካል፤ ታማሚው ሕመሙ ስለበረታበት የሐኪሙን ክንድ ጨምድዶ ይዞታል። ሁለቱ ደግሞ አንዱ የሌላውን እግር በጨርቅ ይጠመጥምለታል። የቀሩት ሁለቱ ያወራሉ፤ በራሱ ላይ ዘውድ መሰል ማሰሪያ ያደረገው በጦሩ ላይ ደገፍ ብሎ ጋሻ የያዘውን ያዳምጣል። ጢማቸው፣ ረጅም ፀጉራቸው፣ በቁርጭምጭሚታቸው ላይ የታሰረው ለስላሳ ጫማቸው፣ በሱሪያቸው ላይ የወረደው ጥለት ሁሉ ይቆጠራል።

ጸሐፊው ይህንን አይተው «የጦር ሰፈር ዕለታዊ ኑሮ፣ እንደ ፎቶግራፍ» አሉ። ለመሆኑ የትኛው ንጉሥ ነው የጥርስ ሕመም ትዝታን በወርቅ አስቀርጾ ወደ መቃብሩ ይዞ የሚወርደው? የሶቭየት ዘመኑ ተመራማሪ ድሚትሪ ራዬቭስኪ ለዚህ ጥያቄ መልስ አቅርቧል። ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በአራተኛው መጽሐፉ ስለ እስኩቴሶች አመጣጥ ከሚተርካቸው አንዱ የግሪኮቹ የተረት ጀግና የሄራክሌስ ታሪክ ነው። ሄራክሌስ ከወገቧ በታች እባብ ከሆነች ሴት ሦስት ልጆች ይወልዳል፤ ሲሄድም ደጋንና መታጠቂያ ትቶ ደጋኑን ሊለጉም የቻለው ልጅ በምድሪቱ ይንገሥ ይላል። ሁለቱ ታላላቆች አቃታቸው፤ ትንሹ እስኩቴስ ተሳካለት፤ ነገሥታቱ ሁሉ ከእርሱ ወረዱ። ጠንካራ ደጋን ሲለጉሙት ካመለጠ ተስፈንጥሮ መንጋጋን ወይም ቅልጥምን ይመታል። ስለዚህ የታመመው ጥርስና የቆሰለው እግር የከሸፉት የሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ ደጋኑን እየለጎመ ያለው ሦስተኛው ነው፤ ዘውዳሙም ታሪኩን ይቋጫል። ይህን ትርጓሜ ሁሉም አልተቀበለውም። እኔ ግን ከቀረቡት ሁሉ የሚያሳምነኝ እርሱ ነው፤ ምክንያቱም አራቱን ትዕይንቶች በአንድ ላይ የሚያስረው እርሱ ብቻ ነው። ለንጉሥ ደግሞ የዘር ሐረጉ መሠረት የሆነውን ታሪክ ከጠጁ ዋንጫ ላይ ማስቀረጽ ትርጉም አለው።

ትርጓሜው ባይዋጥልን እንኳ «ፎቶግራፍ» የሚለው ቃል አያስኬድም። በዚህ ዋንጫ፣ እንዲሁም ከሌሎች የእስኩቴስ መቃብር ጉብታዎች በወጡት በቸርቶምሊክ የብር አምፎራ፣ በሶሎካ ማበጠሪያና በቶቭስታ ሞሂላ የደረት ጌጥ ላይ የሌለውን እንይ። ግሪኮች ስለ እስኩቴሶች ሲያወሩ ከአፋቸው የማይለየው በሠረገላ ላይ የተሠራ ቤት የለም። ሄሮዶቱስ በዝርዝር የጻፈው የጠላትን የራስ ቅል ቆዳ መግፈፍ የለም። ልጆች የሉም። ግሪክ ጠላትም የለም፤ በ1913 ኒኮላይ ቬሴሎቭስኪ ባወጣው፣ 19 ጥርሶች ባሉት የሶሎካ ወርቅ ማበጠሪያ ላይ የሚዋጉት ሦስቱ ሰዎች በሙሉ ሱሪ ለባሾች ናቸው፤ ውጊያው በእስኩቴሶች መካከል፣ ምናልባትም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የተደረገ የሥልጣን ትግል ይመስላል። የሞተው ፈረስ ከሥር ተጋድሟል፤ ፈረሰኛው ከሱሪው በላይ የግሪክ የራስ ቁር ደፍቷል። ይህ የሠዓሊ ፈጠራ አይደለም፤ የግሪክ የራስ ቁርና የናስ ገምባሌ በእስኩቴስ መቃብሮች ውስጥ ተገኝተዋል። ቀራጩ ዝርዝሩን ያውቀዋል፤ የሚቀረጸውና የሚተወው ግን ተመርጧል። የመረጠውም ከፋዩ ነው።

ከሁሉም የምወደው የደረት ጌጡን ነው። በሰኔ 1971 አርኪዮሎጂስቱና ገጣሚው ቦሪስ ሞዞሌቭስኪ በዛሬዋ የዩክሬን ከተማ ፖክሮቭ አጠገብ ያወጣው ይህ ዕቃ ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ወርቅ ነው፤ ስፋቱም ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ሦስት ዙር አለው። በታችኛው ዙር ክንፋም አውሬዎች ፈረሶችን ይዘነጥላሉ፤ በመካከለኛው ሐረግና አበባ ይጠላለፋል፤ በላይኛው ደግሞ ባዝራ ውርንጭላዋን፣ ላም ጥጃዋን ታጠባለች፤ አንድ ወጣት በግ ያልባል። እምብርቱ ላይ ሁለት ጎልማሶች፣ ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን ሆነው፣ አንድ ደበሎ በእጅጌና በእጅጌው ይዘው ይሠራሉ፤ የፍላጻ አፎታቸው ከላያቸው ተሰቅሏል። ጽሑፉ ይህን «የእረኞች ሰላማዊ ቀን» ብሎ አልፎታል። እረኛ የኪሎ ወርቅ አንገቱ ላይ አያስርም። ከሥር ሞት፣ ከላይ ወተትና ጥጃ፣ ከመካከል ሐረግ ያሰለፈ ሰው የዓለሙን ሥርዓት በአንድ ንጉሥ ደረት ላይ እየዘረጋ ነው። ደበሎውም የተራ ሰው ልብስ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሁለት የታጠቁ ሰዎች ከሁሉ መካከል ላይ የያዙት ነገር ነውና።

ቀጥሎ «እስኩቴሶቹ ገዢ ብቻ ናቸው» የሚለው ይመጣል። እጁ የግሪክ መሆኑን አልክድም። አብዛኛው ተመራማሪ እነዚህን ሥራዎች ለግሪክ ወርቅ አንጥረኞች፣ በተለይ በፓንቲካፓይዮን አካባቢ ለሠሩት ይሰጣል። ግን ግሪኮች ከምን ይጠጡ ነበር? ሁለት እጀታና እግር ካለው ገበታ መሰል ጽዋ። የኩል-ኦባው ዋንጫ እጀታ የለውም፤ ሆዱ ክብ ነው፤ በመዳፍ የሚታቀፍ የሣር ምድሩ ሰዎች ዋንጫ ነው። ሄሮዶቱስም እስኩቴሶች እስከ እርሱ ዘመን ድረስ ከመታጠቂያቸው ላይ ዋንጫ ያንጠለጥሉ እንደነበር ይናገራል። በ1863 ኢቫን ዛቤሊን ከቸርቶምሊክ ያወጣው አምፎራም እንዲሁ ነው። ስሙ አምፎራ፣ ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ቅርጹ የግሪክ ቢሆንም ከግርጌው በአንበሳ ራሶችና በክንፋም ፈረስ መልክ የተሠሩ መቅጃዎች አሉት፤ ውስጡም ማጣሪያ ተበጅቶለታል። ትከሻው ላይ ሰዎች የዱር ፈረስ ይይዛሉ፤ አንደኛው የተጫነውን ፈረስ የፊት እግሮች ይጠፍራል። ፈረስ ያሳደገ ሰው ብቻ የሚያውቀው ዝርዝር ነው። በኦልቢያ ወይም በፓንቲካፓይዮን የተወለደ አንጥረኛ ፈረሰኞቹን በገበያ ቢያያቸውም፣ «ይህን ቅረጽ፣ እንዲህ አይደለም፣ እንዲያ ነው» የሚል ባለቤት አጠገቡ እንደነበረ እገምታለሁ። ያዘዘን፣ የመረጠንና ያረመን ሰው «ገዢ ብቻ» ማለት የሥራውን ግማሽ መሰረዝ ነው።

«የራሳቸው ጥበብ አልነበራቸውም» ለሚለው ረጅም መልስ አያስፈልግም። በ1897 በደቡብ ሩሲያ በኩባን ከኮስትሮምስካያ የተገኘው የወርቅ አጋዘን የ7ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። እግሮቹ ከሆዱ ሥር ተጣጥፈዋል፤ አንገቱ ተዘርግቷል፤ ቀንዶቹ ጀርባውን ሙሉ እየተጥመለመሉ እስከ ጭራው ይወርዳሉ። በውስጡ የግሪክ እጅ አሻራ የለም። የዚህ ዓይነቱ የእንስሳት ጥበብ ዘመዶች ከጥቁር ባሕር አንስቶ እስከ አልታይ ተራሮች ድረስ ይገኛሉ። የኩል-ኦባ ዋንጫ ሊሠራ ገና ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ይቀረው ነበር።

ጽሑፉ በመንገዱ ላይ እነዚህን ሁሉ «የሩሲያ ወርቅ» ይላቸዋል። ቸርቶምሊክ፣ ሶሎካና ቶቭስታ ሞሂላ በዩክሬን ምድር ላይ ያሉ ጉብታዎች ናቸው፤ ኩል-ኦባ በክራይሚያ ነው። የደረት ጌጡ ኪየቭ፣ ሌሎቹ ሴንት ፒተርስበርግ ናቸው። ከክራይሚያ ሙዚየሞች ለዐውደ ርዕይ አምስተርዳም ሄደው በ2014 እዚያው የቀሩት ቅርሶች ከዓመታት ሙግት በኋላ በ2023 ወደ ኪየቭ ተመልሰዋል። ስሙን እንዲሁ መወርወር አይገባም።

አማዞኖችን በተመለከተ ግማሹን እቀበላለሁ። የአማዞኖች ንግሥት፣ ከሄራክሌስና ከቴሴዎስ ጋር የተደረገው ጦርነት፣ ይህ ሁሉ ተረት ነው። ሆኖም ሠዓሊዎቹ ተረቱን ያለበሱት ልብስ ሳይቀየር አልኖረም። መጀመሪያ ላይ አማዞኖች የግሪክ እግረኛ ጦር ትጥቅ ታጥቀው ነበር የሚሳሉት፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ሱሪ፣ ሹል ቆብና ቀስት እየተሰጣቸው መጡ። ግሪኮች ስለ ሰሜኑ ፈረሰኞች ያላቸው ዕውቀት ሲሰፋ ተረቱ ወደዚያ አገር ተጎተተ። እዚያም የሚይዘው ነገር አላጣም። በጥቁር ባሕር ሰሜን በተቆፈሩ መቃብሮች ውስጥ ከፍላጻና ከጦር ጋር የተቀበሩ ብዙ ሴቶች ተገኝተዋል። በ2019 በሩሲያ ቮሮኔዥ ክልል ዴቪትሳ መንደር አጠገብ በአንድ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ጉብታ ሥር አራት ሴቶች በአንድነት ተገኙ፤ ትንሿ የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ፣ ትልቋ ከ45 እስከ 50 ዓመት የሆናት፣ በራሷም ላይ የወርቅ ዘውድ የደፋች። አጠገባቸው የብረት ፍላጻዎችና ጦሮች ነበሩ። «ከወንድ ምናብ የወጣ» የሚለው ሐረግ ለእነዚህ አራት ሴቶች ምን ቦታ ይሰጣቸዋል?

ጸሐፊው በሚቀጥለው ክፍል ከግሪክ በስተሰሜን ይኖሩ ወደነበሩት ትራኪያውያን እንደሚሻገሩ ቃል ገብተዋል። በጉጉት እጠብቃለሁ፤ ከወዲሁ ግን ሁለት ነገር ላስታውሳቸው። ትራኪያውያን በአብዛኛው መንደርና እርሻ ያላቸው ሰዎች እንጂ ዘላኖች አልነበሩም፤ ከእስኩቴሶች ጋር በአንድ ከረጢት አይጨመሩም። ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ሠዓሊዎች ትራኪያዊን የሚያሳዩት በቀበሮ ቆዳ ቆብና በከባድ ባለ ጥለት ካባ ነው። ያንኑ የቀበሮ ቆብ በአቴናው የፓርተኖን ቤተ መቅደስ ላይ በተቀረጸው የፈረሰኞች ሰልፍ ውስጥ አንዳንድ የአቴና ወጣቶች ራሳቸው አድርገውት ይታያሉ። የከተማዋ ባለጸጋ ልጆች የጎረቤቱን የፈረስ ልብስ ወድደውት ነበር። ጸሐፊው በልብስ ብቻ መፍረዳቸውን ከቀጠሉ በአቴና ትልቁ በዓል ላይ የሚጋልቡትን የአቴና ልጆች ትራኪያውያን ናቸው ሊሉን ነው።